ራዳሩ ምን አየ? የባሕር ዳር የፍጥነት ቁጥጥርና የማያልቀው የመንገድ ዳር ክርክር

ባሕር ዳር ውስጥ ሾፌሮች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ትራፊክ ፖሊስ ላይ ማረፉ አይቀርም። ራዳር ከተነሳማ ጨዋታው ይሞቃል። አንዱ «በሃምሳ እየሄድኩ ሰባ ሁለት አለኝ» ይላል። ሌላው «ቁጥሩን አሳየኝ ስለው መንጃ ፈቃዴን ይዞ ሄደ» ይላል። ከጎን ያለው የሌላ ሥራ ሰው ጣልቃ ይገባል፦ «እናንተም እኮ ትበራላችሁ!»

ክርክሩ መንገድ ዳር ሲሆን ደግሞ ሰው ይሰበሰባል፣ ስልክ ይወጣል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ማታውን በየስልኩ ይዞራል። ተመልካቹም ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ፖሊሱ በደለው» ይላል፤ ግማሹ «ሾፌሩ ጠግቧል»። ቪዲዮው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሃል ነው። መኪናው ሲቆም፣ ቁጥሩ ሲነበብ፣ የመጀመሪያው ቃል ሲወጣ ያየ የለም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ጩኸት ስለሚጠየቁ ነው። ሾፌሩ ከተፈቀደው በላይ ነድቷል ወይ? መሣሪያው በትክክል ለክቷል ወይ? ፖሊሱ በሥልጣኑ ልክ ሠርቷል ወይ? ለአንዱ የተሰጠ መልስ ለሌላው አይሆንም። በ90 የበረረ ሾፌር ሊመታ አይገባውም። ፖሊሱ ስለተሳደበም ፍጥነቱ ወደ 50 አይወርድም።

መንገዱ ራሱ ይጋብዛል

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ዘንባባ የተተከለባቸው መንገዶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዳገት የለ፣ ብዙ ጥምዝ የለ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፣ በወዲህና በወዲያ ሦስት ሦስት የመኪና መስመር አለው። አሮጌው ድልድይ በጥበቱ ብቻ ሾፌሩን ያዝ ያደርገው ነበር። ሰፊ መንገድ ግን እግርን ከፍሬን ላይ ያነሳል። ይህ የባሕር ዳር ሾፌር ብቻ ጠባይ አይደለም፤ መንገድ ሲሰፋ ሰው ሳያውቀው ፍጥነት ይጨምራል። ከጎንደር በኩል በወረታና በሐሙሲት አድርጎ ሲምዘገዘግ የመጣ አይሱዙ ከተማ መግባቱን እግሩ እስኪያውቀው ጊዜ ይወስዳል።

ድልድዩን እንደጨረሰ የሚጠብቀው ግን ሌላ ዓለም ነው። ባጃጅ፣ ብስክሌት፣ ጋሪ፣ ተማሪ፣ ሸክም ያዘለች ሴት። ባሕር ዳር ከአገራችን ከተሞች በብስክሌት የምትታወቅ ናት፤ ብስክሌተኛ ደግሞ መከላከያ የለውም።

እስኪ ቁጥሩን እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ልጅ ሲገባበት አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ፍሬኑ ጥሩ፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ ከ36 እስከ 37 ሜትር። በ80 ሲሆን ድምሩ ወደ 57 ሜትር ይደርሳል። በመሃል ያለው ልዩነት ስምንት ባጃጅ ፊትና ኋላ ተሰልፎ የሚቆምበት ርቀት ነው። ክረምት ሆኖ አስፋልቱ ከረጠበ፣ ጎማው ካለቀ፣ ከዚህም ይብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። መኪና የሚገጨው ሰው የመሞት ዕድልም ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው ድርጅቱ በከተማ ከ50 እንዳይታለፍ፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ ደግሞ ከ30 እንዳይበልጥ የሚመክረው። በእኛ አገር ለአነስተኛ መኪና የለመድነው የከተማ ጣሪያ 60 ነው። «አሥር ኪሎ ሜትር ብበልጥ ምን አለበት» የሚለው ሾፌር የሚጨምረው ቀድሞውንም ከፍ ካለ ጣሪያ ላይ ነው።

ሽጉጥ የሚመስለው መሣሪያ እንዴት ይለካል?

ሰው ሁሉ «ራዳር» ይለዋል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። እውነተኛው ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ተለውጦ ይመጣል። አምቡላንስ ወደ እኛ ሲመጣ ሳይረኑ ቀጠን፣ አልፎን ሲሄድ ወፈር እንደሚለው ማለት ነው። መሣሪያው የለውጡን መጠን አይቶ ፍጥነቱን ያሰላል። ሁለተኛው ሌዘር ነው። በሰከንድ ብዙ የብርሃን ምት እየላከ መኪናው በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል እንደቀረበ ይለካል።

ልዩነቱ ለክርክሩ ወሳኝ ነው። የሌዘር ብርሃን በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አንድን መኪና ለይቶ ይመታል። የራዳር ሞገድ ግን በዚያው ርቀት ብዙ አሥር ሜትር ይሰፋል። ፊት ለፊት አንድ ሚኒባስ፣ ሁለት ባጃጅና አንድ ሲኖትራክ አብረው ከመጡ ሞገዱ ሁሉንም ይነካል። የትኛው ነው 72 የሄደው? መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የጎላውን ምላሽ ወይም የፈጠነውን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ዒላማውን በዓይኑ አይቶ፣ ፍጥነቱን ገምቶ፣ ከቁጥሩ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። «እኔ አልነበርኩም፣ ከኋላዬ ያለው ነው» የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ማምለጫ አይደለም፤ አንዳንዴ ቴክኒካዊ መሠረት አለው።

በተቃራኒው፣ ሾፌሮች በብዛት የሚያነሱት አንድ ክርክር አይሠራም። «ዳር ቆሞ በጎን ስለለካኝ አበዛብኝ» ይባላል። ፖሊሱ ከመንገዱ ዳር በሰያፍ ሲለካ መሣሪያው የሚያነበው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው። በ20 ዲግሪ ሰያፍ ቢለካ 60 የሚሄደው መኪና 56 ገደማ ሆኖ ይታያል። ሰያፉ የሚያደላው ለሾፌሩ ነው።

«የመኪናዬ ቆጣሪ 60 ነበር የሚያሳየው» የሚለውስ? የመኪና ፍጥነት ቆጣሪ ከፋብሪካው ሲወጣ ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ እንጂ ዝቅ አድርጎ እንዳያሳይ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቆጣሪው 60 ካለ እውነቱ 57 ሊሆን ይችላል። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ወደ ትልቅ ከተቀየረ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቆጣሪው 60 ሲል መኪናው 65 ሊሄድ ይችላል። ዕድሜ ጠገብ መኪና በሞላበት ከተማ ይህ ተራ ነገር ነው።

መሣሪያውም ቢሆን ሚዛን ነው። የሥጋ ሚዛን በየጊዜው እንደሚመረመር ሁሉ ራዳርም በየጊዜው ከታወቀ መለኪያ ጋር ተመሳክሮ ልኩ መረጋገጥ አለበት። ካሊብሬሽን የሚሉት ይህንን ነው። አገሪቱ የሥነ ልክ ተቋም አላት። «ይህ መሣሪያ መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ሥጋ ቤት ሚዛን ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው።

ቁጥሩን ያየው ማን ነው?

እኔ እንደማየው የጠቡ ሥር እዚህ ጋ ነው። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ላይ ቁጥሩን የሚያየው አንድ ሰው ነው። ያው ሰው ያስቆማል፣ ያው ሰው ይከሳል፣ ያው ሰው የቅጣት ወረቀቱን ይጽፋል። ለካም፣ መሰከረም፣ ከሰሰም እሱ ነው። ፖሊሱ ፍጹም ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ሾፌሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፎቶ የሚያነሱ መሣሪያዎች ታርጋውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፍጥነቱን በአንድ ምስል ይይዛሉ። ስክሪኑን ዞር አድርጎ «ይኸው ወንድሜ፣ ታርጋህ ይኸው፣ ሰባ ሁለት» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። እነዚያ አሥር ሰከንዶች ሲቀሩ ነው ነገሩ ወደ ግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ የሚሄደው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ የተጻፈው ለፍርድ ቤት ነው፤ አስፋልት ዳር ላለ ቅጣት ቃል በቃል ይሠራል ማለት አይቻልም። መንፈሱ ግን ግልጽ ነው፤ ያልታየ ማስረጃ ክርክር ይወልዳል።

በፖሊሱ በኩልም መታየት ያለበት ነገር አለ። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ አቧራና ጭስ እየዋጠ፣ ለሚያስቆመው መኪና ሁሉ ስክሪን ሲያሳይ ቢውል ሥራው አይገፋም። «አሳየኝ» የሚለው ሁሉም በቅን ልብ አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ሰው ለመሰብሰብ ነው የሚጠይቀው። ሰው ሲከብ ደግሞ ፖሊሱ ራሱን ለማስከበር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ነገሩ ከፍጥነት ወጥቶ የክብር ጉዳይ ይሆናል።

እስከ የት ድረስ ነው ሥልጣኑ?

ማስቆም ይችላል። ምልክት ከተሰጠው ሾፌር መቆም አለበት፤ መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሰነድ ሲጠየቅ ማሳየት አለበት። ይህ አያከራክርም። ጥፋት ካየ መቅጣትም ይችላል። የፌዴራሉ የትራፊክ ደንብ ቁጥር 208/2003 ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል፤ በኋላም ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጥቷል። ከገንዘብ ቅጣቱ ሌላ የጥፋት ነጥብ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ይመዘገባል፤ ነጥቡ ሲከማች ፈቃዱ ይታገዳል። ብዙ ሾፌር የሚናደደው በብሩ ነው፤ በረጅም ጊዜ ግን እንጀራውን የሚነካው ነጥቡ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ጭጋግ የሚበዛበት። ለፍጥነት የቆመ ሾፌር ኮፈኑ ይፈተሻል? በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ብርበራ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ሰውነትንና ንብረትን ከአላግባብ ፍተሻ ይጠብቃል። 72 መንዳት ብቻውን ኮፈን ለማስከፈት ምክንያት አይሆንም።

ግን ባሕር ዳር ላይ ይህን ብሎ መተው አይቻልም። በሐምሌ 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ግንቦት 2016 ገደማ በቆየባቸው ወራት ማስቆምና መፈተሽ የዕለት ኑሮ ሆኖ ነበር። አዋጁ ካበቃ በኋላም ነዋሪው የፀጥታ ኬላንና የትራፊክ ማስቆሚያን አሁንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው። ለፀጥታ የሚያስቆም አካልና ለፍጥነት የሚያስቆም ትራፊክ የተለያየ ዓላማ አላቸው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እጁን ሲያነሳ ግን ሾፌሩ መጀመሪያ የሚሰማው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ወይ ዝም ያሰኘዋል ወይ ያስጮኸዋል። የዚህን ከተማ የራዳር ጭቅጭቅ ከሌላ ከተማ የሚለየው አንዱ ይህ ነው።

እስርን በተመለከተ ሕጉ ያልተወሳሰበ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ፍጥነት መተላለፍ በተለመደው መንገድ የቅጣት ወረቀት ጉዳይ ነው፤ እስር የሚመጣው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው። ሾፌሩ ፖሊሱን ከገፋ ወይም ሥራውን በኃይል ካደናቀፈ ጉዳዩ ከትራፊክ ደንብ ወደ ወንጀል ሕግ ይሻገራል። በተገላቢጦሹም የያዘውን ሰው የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል። አጥር ያለው በሁለቱም በኩል ነው።

ታርጋ መፍታትስ? ማንም የከተማ ሰው ያየው ትዕይንት ነው። ፖሊሱ ብሎኑን ፈትቶ ታርጋውን በብብቱ ይሸጉጣል፤ ሾፌሩ ከኋላው እየተከተለ «አለቃ፣ እባክህ፣ የቀን ገቢዬን ነው የያዝከው» ይላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከዳር ሆነው «ተው ልጄ፣ ይቅር በለው» ይላሉ። ታርጋና መንጃ ፈቃድ መያዝ ቅጣቱ እንዲከፈል እንደ መያዣ ያገለግላል፤ ዋስትናው ግን ወረቀት ነው። ሾፌሩ ምን እንደተያዘበት፣ በምን ጥፋት፣ የት ሄዶ እንደሚጨርስ የሚገልጽ ወረቀት ሳይሰጠው የሄደ ታርጋ ለድርድር ክፍት ነው። «ለሻይ» የምትባለዋ ነገር የምትገባው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ስልክ ሲወጣ

«መቅረጽ ክልክል ነው» ይላል ፖሊሱ። «መብቴ ነው» ይላል ቀራጩ። ሁለቱም በቁርጠኝነት ነው የሚናገሩት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ግን ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ከእነዚህ አንዱ ሰውየው የያዘው የሕዝብ ሥራ ነው፤ ሌላው ድርጊቱ በአደባባይ የተፈጸመ መሆኑ ነው። አስፋልት ላይ የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ፖሊስ በዚህ ልዩ ሁኔታ ውስጥ የሚወድቅ ይመስላል። ይህ ማለት ግን ቀራጩ መሃል ገብቶ ሥራ ሊያስቆም ይችላል ማለት አይደለም። የተቀረጸው ላይ የውሸት ማብራሪያ ለጥፎ ማሰራጨትም ሌላ ጣጣ አለው፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። በመሃል ከተቆረጠ ቪዲዮ ይልቅ ሙሉው ለፍርድ ቤትም ለሕሊናም ይጠቅማል። ቪዲዮው ላይ የሚታየው የባጃጅ ተሳፋሪ ግን ፖሊስ አይደለም። የእሱን ፊት ለማሳየት አንቀጽ 28 እንደ ፖሊሱ በቀላሉ አይከፈትም።

«ለገቢ ነው» እና «ለሕይወት ነው»

ሾፌሩ ራዳሩ ለገቢ ማሰባሰቢያ ነው ይላል። ይህን የሚያስብለው መሣሪያው የሚቆምበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ሳይሆን ሜዳው መንገድ ላይ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ የፍጥነት ምልክት በሌለበት ከቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ምልክት ሳይተከል መቅጣት ሾፌሩን ጥፋቱን ሳይሆን ዕድሉን እንዲረግም ያደርገዋል። መልሱንም እናውቀዋለን፤ ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርጋል፣ ሁሉም ይቀንሳል፣ ፖሊሱ ከታለፈ በኋላ እንደገና ይበራል። ፍጥነቱ የቀነሰው ለሦስት መቶ ሜትር ብቻ ነው።

ገቢ ስንል የሾፌሩንም ገቢ እናንሳ። የባጃጅ ሾፌር ብዙ ጊዜ ባለቤት አይደለም። በቀን የተቆረጠ ገንዘብ ለባለቤቱ ያስገባል፤ ነዳጅ ሞልቶ የተረፈው የእሱ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ሲሰለፍ ያመለጠውን ምልልስ ማካካስ ያለበት ከሰዓት በኋላ ነው። የረዥም መንገድ ሚኒባስም እንደዚያው ነው። ይህ ፍጥነትን ትክክል አያደርገውም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ያሳያል። ቅጣት የሚያስተምረው ሾፌሩን ነው፤ የሚያጣድፈው የገቢ ስሌት ግን ሳይነካ ይቀራል።

በሌላ በኩል ያለው ድምፅ ቪዲዮ ላይ አይታይም፤ መንገድ ላይ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይህን ድምፅ ሰምቷል ማለት ይቻላል። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌር በንኡስ አንቀጽ 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ ከገደለ ግን በንኡስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሰዋል። ከተፈቀደ ፍጥነት በላይ መንዳት ወደ ንኡስ አንቀጽ 3 የሚያሻግር በር ነው። ስለዚህ የፍጥነት ቁጥር የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያው ቁጥር አንድ ቀን አንድን ሾፌር አሥር ዓመት ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ቁጥር በአንድ ሰው ዓይን ብቻ መወሰኑ ለሾፌሩም ለሟች ቤተሰብም አይበጅም።

ቋሚ ካሜራ ቢተከልስ?

ብዙ ሰው መፍትሔው ይህ ነው ይላል። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ካሜራ አይሳደብም፣ «ለሻይ» አይልም፣ ሰው አይሰበስብም። ሁለት ካሜራ በተለያየ ቦታ ተክሎ በመሃል ያለውን አማካይ ፍጥነት ማስላትም ይቻላል፤ ያኔ ለሦስት መቶ ሜትር ብቻ መቀነስ አይጠቅምም። ከባሕር ዳር ወደ መሸንቲና መራዊ ለሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ይህ ዓይነቱ የሚስማማ ይመስለኛል። መብራት በሚጠፋበት አገር ካሜራው በምን ይሠራል የሚለውን ለጊዜው እንተወው።

ካሜራ የሚያየው ግን ታርጋን ነው፤ ሾፌርን አይደለም። ታርጋው የሚመራው ወደ ሊብሬው ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ደግሞ ስንቱ መኪና ላይ የእውነተኛው ባለቤት ስም ነው? እኛ ዘንድ መኪና በውክልና ይሸጣል። ስም ለማዛወር ያለው ወጪና ምልልስ ስለሚያስመርር ገዢው ውክልና ተቀብሎ ይነዳል፤ ለሚቀጥለው ሰውም በውክልና ያስተላልፋል። መኪናው በሦስተኛው ሰው እጅ ሲሆን ሊብሬው ላይ ያለው አሁንም የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ደግሞ ለሾፌር አከራይቶት ይሆናል።

የቅጣት መልእክቱ እንግዲህ የሚደርሰው ከዓመታት በፊት ሸጦ ለተገላገለው ሰውዬ ስልክ ላይ ነው። ጎንደር ቁጭ ብሎ «ዓባይ ድልድይ ላይ በ84 ነድተሃል» የሚል ጽሑፍ ያነባል። ገዢውን ለመደወል ቁጥሩን ይፈልጋል። ገዢው ደግሞ ሲም ካርዱን ቀይሯል።